ለቀሪ ማድረስ

ውድ እታለም፣

ውጤቱ ወጥቷል። ጥሩም ይሁን መጥፎ ሳትደብቂ ንገሪኝ ብለሽ ቃል ያስገባሽኝ ሐኪም ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ሳለሽ ነው። ያመጣሁልሽን ሾርባ አንድ ማንኪያ ቀምሰሽ፣ «ጨው የሚባል ነገር ዓለም ላይ እንዳለ ሰምተሻል?» ብለሽ ሳህኑን መለስሽልኝ። ከዚያ፣ «ለመሆኑ የኛ ነገር እንዴት ሆነ? የንባብ ክፍሌ አለፈች ወደቀች?» አልሽ። የልጆቹ ሁለተኛ ፈተና ገና ስላላለቀ ምንም አላውቅም አልኩሽ፤ እውነቴን ነበር። ልጆቹ ተፈትነው ሳይጨርሱ አንቺ ሄድሽ። ቃሌ ግን እኔ ዘንድ ቀረ፤ ዛሬ እሱን ልፈጽም ተቀምጫለሁ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ «መርማሪዋ ሰውን እንጂ ራሷን አትመረምር» ማለትሽ አይቀርም። አላለቀስኩም። በቀብርሽ ዕለትም፣ ከዚያ ወዲህም። ሰው ሁሉ ሲጠብቀኝ ሰነበተ፤ ጎረቤት መሀረብ ይዞ አጠገቤ ይቀመጥና እኔ ምንም አልል ስል መሀረቡን ለራሱ ይጠቀምበታል። ጠንክሬ አይደለም። የጥርስ ሐኪም ወግቶ ያደነዘዘውን ድድ ታውቂያለሽ አይደል? ምላስሽ ሲነካው የራስሽ መሆኑን ታውቂያለሽ፣ ግን የሰው ዕቃ ይመስልሻል። እንደዚያ ነኝ። ጠዋት እነሳለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ቢሮ እገባለሁ። ሥራዬንም በደንብ እሠራለሁ፤ እንዲያውም ከበፊቱ የተሻለ ነው ይሉኛል። እማዬ አንዳንዴ ቆም ብላ ታየኝና፣ «ይቺን ልጅ ምን ነካት» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እንግዲህ ከዕጣው ልጀምር። ያን ቀን አንቺም ነበርሽ፤ ግን ሁለታችን አንድ ዓይነት ነገር የምናስታውስ አይመስለኝም።

የንባብ ክፍልሽ የአናጢው የቀድሞ ዕቃ ቤት ናት፤ ግድግዳዋ እስከ ዛሬ ሰጋቱራ ይሸታል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ እዚያ ገብቶ ማንበብ የሚፈልገው ልጅ ክፍሏ ከምትችለው እጥፍ ሆነ። የከተማው ኮሚቴ ደግሞ እንዲህ ያሉ ክፍሎች በየሰፈሩ ይከፈቱ አይከፈቱ ለመወሰን ማስረጃ ፈለገ። ማስረጃ የሚያቀርበው የኛ የጥናት ቢሮ ነው፤ ጥናቱ ዞሮ ዞሮ እኔ እጅ ገባ። እህቷ ነኝ ብዬ ተናገርኩ። «ዕጣ ለማንም አያዳላም፤ ቁጥሩን ሌላ ሰው ይሠራዋል፤ አንቺ አካሄዱን ብቻ አውጪ» አሉኝ። አካሄዱ ቀላል ነው። ካመለከቱት ልጆች ግማሹ በዕጣ ይገባል፣ ግማሹ በዕጣ ይቀራል። ሁሉም መጀመሪያ ይፈተናል፣ ከዓመት በኋላም ይደገማል። የገቡት ከቀሩት በልጠው ካነበቡ ክፍሏ ሠርታለች፤ እኩል ከሆኑ አልሠራችም።

«ልጅ በዕጣ ይማራል?» አልሽኝ።

«ወንበር አይበቃማ። በዕጣ ካልሆነ በምን ይሁን? በትውውቅ?»

ትውውቅ የሚባል ነገር ስትጠዪ የምታክልሽ የለችም፤ ያንን አውቄ ነው የተናገርኩት።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰማያዊ ባልዲ አስቀምጠን፣ የተጣጠፈ ወረቀት ሞልተን፣ እኔ ራሴ እያወጣሁ ጠራሁ። ልብስ ሰፊዋ መንትያ ሴት ልጆቿን በቀኝና በግራ ይዛ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር። አንዷ ገባች። ሌላዋ ቀረች። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ነገሩ ስላልገባት ፈገግ አለች፤ ከዚያ ሲገባት፣ «አንድ ሆድ ውስጥ ያደሩትን ነው የምትለዪው? አንቺ ልጅ፣ እግዜር ያላደረገውን!» ብላ ግቢውን አናጋችው። አንቺ ክንዴን ይዘሽ ወደ ግድግዳው ወሰድሽኝ።

«አንድ መቀመጫ ከቤቴ አመጣለሁ» አልሽ። «በርጩማ ነው። ወንበር ስላልሆነ አይቆጠርም።»

«እታለም፣ ለአንዷ ከተፈቀደ ለሁሉም ነው። ያኔ ማንን ከማን አነጻጽራለሁ?»

«መንትዮች እኮ ናቸው።»

«ሕግ ነው።»

አየሽኝና፣ «እሺ። ዕጣ ያልወጣለት ልጅ ደፌን አይረግጥም፤ ቃሌ ነው» አልሽ። ቃልሽንም ጠበቅሽ። ዓመቱን ሙሉ ሳይነገርሽ ተቆጣጣሪ ስልክብሽ ነበር፤ አንድም ቀን ትርፍ ልጅ ተቀምጦ አልተገኘም። ይህን የማነሳው ኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ውጤቱ የወጣ ቀን ጠዋት ቢሮ ተሰበሰብን። ቁጥሩን የሠራው መነጽሮ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ስለሚፈልግ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት መስመሮች አበራ። አንዱ የገቡት ልጆች፣ ሌላው የቀሩት። ሁለቱም ከታች ተነስተው ተያይዘው ይወጣሉ፤ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ጠጋ ማለት ነበረብኝ። ኃላፊያችን እንደ ልማዱ፣ «ማስረጃው ምን ይላል?» አለ። ይህን ስለሚያበዛ ከኋላው አቶ ማስረጃ እንለዋለን፤ ሳያውቅም አይቀር። ሁሉም ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። አንቺ ከሞትሽ ገና ብዙ አልቆየም፣ እኔም እዚያው መሀላቸው ተቀምጫለሁ።

«ክፍሏ ለውጥ አላመጣችም ይላል» አልኩ።

እኔው ነኝ ያልኩት። ድምፄም ደህና ነበር። ሻዬን ጠጣሁ፤ ቀዝቅዟል ብዬ እንኳ አሰብኩ። ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ የሪፖርቱን መደምደሚያ ጻፍኩ፦ ፕሮግራሙ ባለበት እንዲቀጥል የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም። አንድም ቃል አልሰረዝኩም። ኮሚቴው ትምህርት ሲዘጋ ክፍሏም እንድትዘጋ፣ ቤቱ ለአናጢው እንዲመለስ፣ በጀቱ ለተማሪዎች ምሳ እንዲዞር ሐሳብ ያዘ። የምሳው ፕሮግራም ልጆችን ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ እንደሚያደርግ በሌላ ጥናት ታይቷል። እኔም ኮሚቴው ውስጥ ብሆን እንደዚያው እል ነበር።

ከዚያ ለእማዬ መንገር መጣ። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት ክፍልሽን ትጠርጋለች፤ ማንም አላዘዛትም። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ነገርኳት። እጇን አላቆመችም።

«እና ልጄ ዝም ብላ ነው የለፋችው?»

«ቁጥሩ እንደዚያ ነው የሚለው፣ እማዬ።»

«ቁጥሩን አልጠየቅኩም። አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

ደግማ አልጠየቀችኝም፤ በማግስቱ መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ክፍልሽ ሄደች። ትምህርት ሲያልቅ የሚዘጋ ቤት ለምን ትጠርጊያለሽ ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ያን ጥያቄዋን ግን ይዤው ዞርኩ። ቢሮም፣ መንገድም፣ አልጋዬ ላይም ከእኔ ጋር ነበር። የሚያመኝ ነገር ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ኪስ ውስጥ እንደ ተረሳ ቁልፍ ብቻ ይከብደኝ ነበር።

ወደ ክፍልሽ የሄድኩት ወንበርሽ ላይ የቀረውን ሹራብሽን ለመውሰድና አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ክፍሏን ለያዘችው ረዳትሽ ወሬውን ራሴ ለመንገር ነበር። በር ሳልደርስ ልብስ ሰፊዋ ከማዶ ሱቋ ሆና አየችኝ።

«አንቺ ዕጣ አውጪ! ነይ እስቲ እዚህ።»

ከዕጣው ቀን ወዲህ ስሜ ይሄው ነው። ልትሰድበኝ መስሎኝ ገባሁ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ በሁለቱ የስፌት መኪናዎች መሀል ጨርቅ ተቆልሎ፣ ከቁልሉ ላይ መንትዮቹ ተቀምጠዋል። አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ ትሰማለች። የምታነበው የእናቷን የልኬት ወረቀት ጀርባ ነው፤ ጀርባው ላይ በልጅ እጅ የተጻፈ ተረት አለ። አንድ ቃል ላይ ስትጣደፍ ሰሚዋ ጉልበቷን መታ አደረገቻት።

«ቀስ በይ። ፊደል እግር የለውም፤ አይሸሽሽም።»

እታለም፣ ድምፁ የአንቺ ነበር። የልጅቷ አፍ ነው፣ አነጋገሩ ግን የአንቺ ነው፤ «አይሸሽሽም» ስትል አንገቷን ሰበር ማድረጓ ሳይቀር።

«የትኛዋ ናት ዕጣ የወጣላት?» አልኩ።

ልብስ ሰፊዋ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «የለየሻቸው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ለያቸው።»

መለየት አልቻልኩም። ከሁለቱም ጋር አነበብኩ። ሁለቱም ያነባሉ፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። «ምንድነው የምትሠሩት?» ብዬ ስጠይቅ ሰሚዋ እንደ ሞኝ አየችኝ።

«የቤት ሥራ ነዋ። ለቀሪ ማድረስ።»

«ለቀሪ ማድረስ ምንድነው?»

«ዛሬ የተማርነውን ላልመጣ ልጅ ማድረስ። ሁላችንም ቀሪ አለን። እሷ የኔ ቀሪ ናት። ቲቸር፣ ያላደረሰ ነገ አይገባም ትለናለች።»

«ትለን ነበር» ብላ እናቷ አረመቻት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ዕጣሽን በላንብሽ፣ እህቴ። አትቀየሚን» አለችኝ። አልሳቀችም። ለመጀመሪያ ጊዜ እህቴ ያለችኝ ያኔ ነው።

እዚያው ጨርቁ ላይ ተቀመጥኩ። የመጣብኝ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ልጅ ሳለን፣ ሳንባዬን ታምሜ ዓመት ሙሉ ከቤት የዋልኩ ጊዜ፣ አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ዩኒፎርምሽን ሳታወልቂ፣ እጅሽን ሳትታጠቢ አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጪ ነበር። መጀመሪያ ስም ትጠሪያለሽ። የክፍሌን ልጅ ሁሉ በየስሙ ትጠሪና «አቤት» እያልሽ ራስሽ በየድምፁ ትመልሺለታለሽ፤ ቀጭኑን በቀጭን፣ ጎርናናውን በጎርናና። የኔ ስም ላይ ስትደርሺ ግን ዝም ትያለሽ። እኔው «አቤት» እስክል ትጠብቂያለሽ። ሳል ይዞኝ ከሆነም ሳሉ እስኪያልፍ ትጠብቂያለሽ። ከዚያ የቀኑን ትምህርት ከነአስተማሪው ቁጣ ታመጪልኛለሽ። ስጣደፍም «ፊደል እግር የለውም» ትይኛለሽ። በዓመቱ ትምህርት ቤት ስመለስ ማንም ወደ ኋላ አልመለሰኝም፤ ከእኩዮቼ ጋር ገባሁ፣ ያ የተለየ ነገር መሆኑንም አላሰብኩም።

እኔ ቀሪ ነበርኩ። ከደፉ ውጭ የተማርኩ ልጅ ነኝ። አድጌ፣ ተምሬ፣ ትምህርት ምን ያህል እንደሚሠራ የምለካ ሰው ሆንኩ፤ የአንድ ሰፈር ልጆችን ለሁለት ከፍዬ፣ እነዚህ ተምረዋል እነዚያ አልተማሩም ብዬ ጻፍኩ። ከሁሉ የሚገርመው፣ ክፍሏ ከልጁ ግማሹን ብቻ እንድትይዝ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ ለገባ ልጅ አንድ የቀረ ልጅ፣ እዚያው ጎረቤቱ፣ አዘጋጅቼ ሰጠሁሽ። ለአንቺ ከዚህ የተሻለ አመቺ ነገር ማን ያመጣልሻል?

ከዚያ ወጥቼ ረዳትሽን ጠየቅኩ። «ይሄ የቤት ሥራ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስላት፣ «እሷ ካስተማረችበት ጊዜ ጀምሮ። ከዕጣውም በፊት ነበር» አለች። «ለምን አልነገራችሁንም?» አልኳት። ግራ ገባት። «መጽሐፉን ጠየቃችሁን፣ ሰዓቱን ጠየቃችሁን፣ ወንበሩን ጠየቃችሁን። ከበር ውጭ ስላለው የጠየቀን የለም» አለች። ተመልሼ መጠይቁን አየሁ። እውነቷን ነው፤ መጠይቁን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። በየቤቱ ስዞር ደግሞ ፀጉር ቆራጩ ጋ፣ ባለሱቋ ጋ፣ ደረጃው ስር፣ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ያነባል። ስንት ጊዜ በዚያ መንገድ አልፌ አላየሁም።

አውቀሽ ነው ወይ ያደረግሽው የሚለውን እስካሁን እጠይቃለሁ። ያን ቀን ግድግዳው ጋ አይተሽኝ «እሺ» ስትዪ በሆድሽ ይዘሽው ነበር? ወይስ እንደ መተንፈስ ስለሆነብሽ ትምህርት ነው ብለሽም አላሰብሽው? ሁለቱንም አምንብሻለሁ። የምጠይቀው ሰው ስለሌለ መልሱን ባዶ ትቼዋለሁ፤ በኛ ሥራ ባዶ መተው ከመገመት ይሻላል።

በማግስቱ አቶ ማስረጃ ቢሮ ገባሁ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ እስክሪብቶውን ሲያሽከረክር ቆየ።

«እህትሽ ናት» አለ።

«አዎ።»

«ሪፖርቱ ገብቷል። አሁን ይሄን ይዘሽ ስትመጪ ምን እንደምትመስዪ ታውቂያለሽ?»

«የሞተች እህቷን ሥራ ለማትረፍ የምታለቅስ ሴት።»

«እያለቀስሽ ግን አይደለም።»

«አይደለም። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ፣ ግን ቀስ ብሎ፣ «እሺ፣ ማስረጃው ምን ይላል?» አለ።

«አናውቅም ይላል። ሁለቱም ወገን ከተማረ ልዩነት አይወጣም። አልሠራችም ያልነው ስህተት ነው፤ ሠርታለች ለማለትም የያዝነው የለም።»

አናውቅም የሚለውን ቃል ይጠላዋል። ፊቱን ሲያጨማድድ አየሁት። ግን ክፉ ሰው አይደለም፣ እታለም፤ አንቺ «ደረቅ እንጀራ» ትይው የነበረው ሰው ነው፣ ያም ሆኖ ሲርብሽ የሚበላ ነው። ፈተናውን ስናዘጋጅ ጥያቄዎቹ ይከብዱ እንደሆነ ለመሞከር ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለ ትምህርት ቤት ልጆችን ፈትነን ነበር። ያን ጊዜ ከአንቺ ሰፈር ልጆች ጋር እኩል ነበሩ። የንባብ ክፍል የላቸውም፣ ለቀሪ የሚያደርስላቸውም የለም። እነሱ ዳግም ይፈተኑ አልኩ። ትንሽ አሰበና፣ «መነጽሮ ይፈትን። አንቺ እጅሽን እንዳታስገቢ፤ በዚያ በኩል እንዳትታዪም» አለ። ልክ ነበር። እኔም ብሆን እንደዚያ እል ነበር።

እስኪፈትን ሌላ ሥራ ሠራሁ። መነጽሮ በኮሪደሩ ሲያልፍ ፊቱን አላይም። እማዬም መጥረጓን ቀጠለች። ቤት ውስጥ ሁለታችን ስለ ዝናብና ስለ ሽንኩርት እናወራለን፤ በመሀላችን የአንቺ ወንበር አለ፣ ሁለታችንም ዕቃ አናስቀምጥበትም።

መነጽሮ ሲጨርስ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ምንም ሳይል ወረቀቱን አስቀመጠ። አሁን መስመሮቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ እንደ ድሮው ተያይዘው ይወጣሉ። ሦስተኛው ከእነሱ እኩል ተነስቶ ከታች ቀርቷል። የሐዲዱ ማዶ ልጆች ናቸው። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አደረገና፣ «ይሄ እንደ ዕጣው የጠነከረ ማስረጃ አይደለም፤ ማዶ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ይህንንም መጻፌ አይቀርም» አለኝ። ጻፍ አልኩት። ከዚያ ሄዶ ተመለሰና፣ «ግን ጥሩ ነው» ብሎ እንደገና ሄደ። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቄያለሁ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት።

ኮሚቴው ፊት ዛሬ ጠዋት ቀረብን። ሰብሳቢዋ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ የማትቸኩል ሴት ናት። «ስለዚህ ጥናቱ ተበላሽቷል ማለት ነው?» አለች።

«አዎ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጎረቤት ልጆችን ለሁለት ከፍዬ የተማረው ላልተማረው አይነግረውም ብዬ ገመትኩ።»

«ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ያስታውቃል» አለች፤ ሰው ሳቀ፣ እኔም ከንፈሬን ሳብ አደረግኩ። ከዚያ፣ «መምህርቷ እህትሽ መሆኗን ሰምቻለሁ። ካንቺ ሌላ ሰው ቢያስረዳን ይሻላል» ብላ መነጽሮን አስነሳችው። እሱም ከነጥርጣሬው ሁሉንም አስረዳ። ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ክፍልሽ ለሚቀጥለው ዓመት ትቆያለች ተባለ። በሌሎች ሰፈሮችም ጥቂት ይከፈታሉ፤ በዚህ ጊዜ ዕጣው በልጅና በልጅ መሀል ሳይሆን በተራራቁ ሰፈሮች መሀል ይወጣል። ለምሳው ከሌላ በጀት ይፈለግለታል ተብሏል፤ «ይፈለግለታል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ከጥናቱ እኔ ወጥቻለሁ፣ ራሴ ነኝ የጠየቅኩት። የቤት ሥራሽ ግን መመሪያው ውስጥ ገብቷል። ተራ ቁጥር አራት ላይ፣ «እያንዳንዱ ተሳታፊ በዕለቱ ያነበበውን ላልተሳተፈ አንድ ልጅ ያስተላልፋል» ይላል። ብታዪው በሳቅ ትሞቺ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ክፍልሽ መጣሁ። እማዬ በር ላይ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። አልጠየቀችኝም፤ እኔው ጀመርኩ።

«ዝም ብላ አልለፋችም፣ እማዬ። እኔ ነኝ በር ላይ ቆሜ ውስጡን ብቻ የቆጠርኩት። ያስተማረችው ከገቡት በላይ ነው። ታምሜ ሳለሁ እኔን እንዳስተማረችኝ ነው ያደረገችው።»

«አንቺን መቼ አስተማረችሽ?» አለች።

«አልጋዬ ላይ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመጣ።»

«ያ?» አለች። «እኔ እኮ የምትጫወቱ ነበር የመሰለኝ። ድስት እያማሰልኩ ስትጮኹ እሰማችሁ ነበር። ጨዋታ መስሎኝ።» ከዚያ ፊቷን ወደ ውስጥ አዞረችና የተጠረገውን እንደገና መጥረግ ጀመረች።

ልጆቹ ሲመጡ ረዳትሽ፣ ንገሪያቸው ብላ ወደ ፊት አወጣችኝ። ክፍሏ አትዘጋም አልኳቸው። ጮኹ፣ ጠረጴዛ ደበደቡ። ጸጥ ሲሉ ከመንትዮቹ አንዷ እጇን አወጣች። የትኛዋ እንደሆነች አሁንም አላውቅም፤ ዛሬ ተራ ገብተው ይሆናል፣ እኔም አልጠየቅኩም።

«ቲቸር ዛሬ ቀርታለች» አለች። «ይሄን ለእሷ ማን ያደርስላታል?»

ረዳትሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። ልጆቹ ሁሉ አንገታቸውን እያዞሩ ቀሪ የሌለው ማን እንደሆነ ይፈልጉ ጀመር። ቀሪ የሌለኝ እኔ ነበርኩ።

«እኔ» አልኩ።

«እሺ» ብላ ተቀመጠች። ነገሩ በዚያው አለቀ፤ ማንበብ ጀመሩ።

አሁን ልጆቹ ሄደዋል። ይህን የምጽፍልሽ በነሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፣ ጉልበቴ አገጬ ሊደርስ ነው። ብርሃን ገና አለ። ከመጻፌ በፊት፣ ሰው ሳይሰማኝ ብዬ፣ እንደ ደንቡ ስም ጠራሁ። ያወቅኳቸውን ልጆች ጠርቼ በየድምፃቸው «አቤት» አልኩላቸው፤ ጎርናናው አይወጣልኝም። የአንቺ ላይ ስደርስ ዝም አልኩና ጠበቅኩ። እማዬ ጥግ ላይ ነበረች፤ ረስቻት ነበር። መጥረጊያዋን አቆመች።

«አቤት» አለችልሽ።

ቀና ብዬ አላየኋትም። ያ የደነዘዘው ድድ ሊለቅ ሲል መጀመሪያ የሚነዝረው ነገር አለ አይደል፣ ገና ሕመምም ያልሆነ፤ እሱ ተሰማኝ። ከዚያ ወረቀት አወጣሁና «ውድ እታለም» ብዬ ጀመርኩ።

ይኸውልሽ እንግዲህ። ክፍልሽ አልወደቀችም፤ አለፈች ለማለት ገና ነው፤ ትቆያለች። ዕጣ ያልወጣላቸውም ያነባሉ። ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ፣ አልተጣደፍኩም።

ያላደረሰ ነገ አይገባም ብለሻል። እኔ አድርሻለሁ። ነገ እገባለሁ።

ታናሽሽ፣
መርማሪዋ